እያስተማሩ ስለ መማር
(በደባርቅ ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት፣ ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ ትምህርቱን ለመቀጠል የሚፈልግ ተማሪ ገንዘቡን ከወዴት ያገኛል የሚለው ነው። ከመካነ ብርሃን ወይም ከዳባት ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ አባቱ በሬ ሸጦ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ይከፍልልኛል ብሎ ማሰቡ ዘበት ስለሆነ፣ የቀረው መንገድ እያስተማሩ መማር ነው።

ይህም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደርና በስሜን የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለው ተማሪ ታናናሾቹን ፊደል እያስቆጠረ፣ ዳዊት እያስደገመ፣ ራሱ ደግሞ ከመምህሩ ይማራል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ልኮ ያስተምረው ነበር።

ዛሬ በአገራችን የታወቀው በር ረዳት ምሩቅነት ነው። ዩኒቨርሲቲው ብልጫ ያገኘውን ተመራቂ ቀጥሮ፣ ጥቂት ካስተማረ በኋላ፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ ለሁለተኛ ዲግሪ ይልከዋል፤ እርሱም ዋስ ጠርቶ ውል ይፈርማል፤ ሲመለስም በውሉ መሠረት ያገለግላል። መልካም ነገር ነው፤ ዳሩ ግን ቦታው ጥቂት ስለሆነ ለሁሉም አይዳረስም። የቀረው ምን ያድርግ?

ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልናገር። እዚያ ገንዘቡ በብዛት የሚገኘው ከትምህርት ክፍሉ ነው። የኬሚስትሪ ወይም የሒሳብ ክፍል በየዓመቱ ብዙ አዳዲስ ተማሪዎችን ስለሚያስተምር፣ ላቦራቶሪ የሚያሠራ፣ መልመጃ የሚያርም ሰው ያሻዋል። የውጭ አገር ተማሪ በትምህርት ወራት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ አይፈቀድለትምና ሥራው በዚያው ልክ ነው። ክፍሉም የትምህርቱን ዋጋ ይምረዋል፣ መተዳደሪያም ይሰጠዋል። ይኸውም ደመወዝ እንጂ ምጽዋት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ይህ ገንዘብ ከማስተርስ ይልቅ በዶክትሬት በኩል ይበዛል፤ በብዙ የትምህርት ዓይነትም በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ለዶክትሬት ማመልከት ይቻላል። «ገና ማስተርስ የለኝም» ብሎ የተቀመጠ ሁሉ በሩ ሳይዘጋበት ደጅ የቆመ ነው። ደግሞም ቪዛ ጠያቂው የመማሪያና የመኖሪያ ገንዘብ እንዳለው ማሳየት አለበት፤ በባንክ ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ማስረጃ የሚሆነው የረዳትነቱ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሲደርስ ግን እልልታው ቆይቶ አስቀድሞ ይነበብ። መተዳደሪያው ለ9 ወር ነው ወይስ ለ12? የጤና መድን አለበት? ልዩ ልዩ ክፍያውስ በማን ላይ ነው? በሰው አገር ያለ ሳንቲም የሚያዝ የዕረፍት ወራት እንደ ስሜን ብርድ በጋቢ የሚመለስ አይደለም።

ጊዜውም ያታልላል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋው በኅዳርና በታኅሣሥ ነውና፣ ተመርቀን ወረቀታችንን ስንይዝ የዚያ ዓመት ቦታ አልቋል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ በመስከረም ይጀምር። የእንግሊዝኛ ፈተናውንም አይናቀው፤ አስተማሪ ሊሆን ነውና የንግግሩ ክፍል በተለይ ይታያል። የማመልከቻው ክፍያ የከበደው፣ በትሕትና ጽፎ ቢጠይቅ የሚምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ብዙውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች ይጠየቃሉ። «ጠባየ መልካምና ታዛዥ ነው» የሚል ደብዳቤ ለዕድር ጸሐፊነት ያበቃ ይሆናል እንጂ ላቦራቶሪ አያስይዝም። ተማሪው የትኛውን ሙከራ እንደ ሠራ፣ ለጓደኞቹ ምን እንዳስረዳ ይጻፍለት። እንዲህ ይጻፍለት ዘንድ ደግሞ አስቀድሞ ሊሠራው ይገባልና፣ ከሚመጣው መንፈቅ ጀምሮ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በአንደኛ ዓመት ላቦራቶሪ እንዲያግዙ ማኅበራችን ለየትምህርት ክፍሉ ጥያቄ ቢያቀርብ፣ የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ነኝ።