ከቅጣት ሣጥን የተገዛው መጽሐፍ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



በዘንድሮው የሂሳብ ሪፖርታችን ከቅጣት ሣጥን ወጪ የሆነ «መጽሐፍ፣ 1» የሚል መስመር አለ። ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቃችኋል። ከእርዳታ ገንዘብ አንድም ሳንቲም እንዳልተነካ አስቀድመን እንናገርና ነገሩን እናስረዳ።

እንደምታውቁት በወርሃዊው የቁጠባ ቀን ያረፈደ ይቀጣል። ሣጥኑ ሲሞላ ገሚሶቻችን ለታመመ መጠየቂያ ይቆይ አልን። ሌሎቻችን ደግሞ ሰው እስኪሟላ ቁጭ ብለን ከምንተዛዘብ አንድ ነገር ይነበብልን አልን። በሁለት ድምፅ ብልጫ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተገዛ።

እውነቱን ለመናገር፣ ተማርን የምንለው አባላት መጽሐፉን የምናውቀው ለፈተና ያህል ነበር። ትምህርት ከጨረስን ወዲህ ቀን የምናነበው ደረሰኝ ነው፤ ማታ ደግሞ ስልክ። በልጅነታችን ፋኖስ አስጠግተን ልብ ወለድ ስናነብ «ዓይንሽ ይጠፋል!» እየተባልን እንዳላደግን ሁሉ፣ ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ ስናይ ደከመን። ትልልቆቹ እናቶቻችን ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰምተውታል። ፊደል ያልቆጠሩት ከእኛ ከዲፕሎማዎቹ ቀድመው ታሪኩን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

ንባቡ ሲጀመርም ይኸው ታየ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ቢሆንም የሚተርከው ከዚያ የቆየውን የጎጃም ኑሮ ነው፤ ብዙ ቃል ላይ ተደናቀፍን። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን በብጽአት ለቤተ ክርስቲያን መስጠታቸው ጋ ስንደርስ አንባቢዋ ቆመች፤ ብጽአት ምን እንደሆነ አታውቅም። አንዲት እናታችን አስረዱን። ልጅ ሲታመም እናት እንዴት እንደምትሳል፣ ስለቱ ደግሞ ካደገ በኋላ ልጁን እንዴት እንደሚያስር ከራሳቸው ቤት አነሱልን። የዚያን ዕለት ቁጠባ የሰበሰብነው መብራት አብርተን ነው። የእናት ስለት ልጅን ያስራል ወይስ አያስርም የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም።

ከሁሉ የበለጠው ግን በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ የሆነው ነው። ሁላችንም ፊታውራሪን በትዕቢታቸው፣ ልጃቸውን የጠየቀውን ሁሉ በመመለሳቸው ስንረግም፣ በጣት አሻራ የሚፈርሙ አንዲት አባላችን «ቢሆንም ፊደል አስቆጥረዋታል» አሉ። «አባቴ ይወደኝ ነበር፤ ፊደል ግን አላስቆጠረኝም።» ቤቱ ጸጥ አለ።

በሚቀጥለው ወር እኚሁ አባል ብድር ሊወስዱ መጡ። አሻራ ማድረጊያውን ቀለም ስናቀርብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡና «እንደ መጽሐፉ አንብቡልኝ» አሉን። አነበብንላቸው። ስለ ዋስ የሚናገረው አንቀጽ ላይ ሲደርስ አስቁመው ሦስት ጥያቄ ጠየቁ፤ አንዱን እኛም ወዲያው መመለስ አልቻልንም። ለስንት ዓመት ሰውን ያላነበብንለትን ወረቀት ስናስፈርም ኖረናል፤ ይህን እዚህ ቆመን መናገር ያሳፍረናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም የብድር ውል ድምፅ ተሰምቶ ሳይነበብ አሻራም ፊርማም አይደረግበትም። ሁለት አባላትም ብድሩን ካዳመጡ በኋላ ትተውታል፤ የብድር ሂሳባችን በትንሹ ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቅጣት ገቢያችንም ወርዷል፤ ንባቡ እንዳያመልጠው የሚያረፍድ ሰው ጠፍቷል። ስለዚህ ለሚቀጥለው መጽሐፍ የሚሆን ገንዘብ በሣጥኑ የለም። የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» ቤታችሁ ያላችሁ ብታውሱን በጥንቃቄ እንመልሳለን።

አሁን ያለነው ገና መሃል ላይ ነው። መጨረሻውን በሬዲዮ የሰማችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ለወጣቶቹ አትንገሩብን።