ዳቦ ቤቱን ከመሸጣችን በፊት ጓዳችንን እናጽዳ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያሰሙት ንግግር፤ መገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



28 ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ያቋቋምነው ዳቦ ቤት እንዲሸጥ ባለፈው ስብሰባ በድምፅ ብልጫ መወሰናችን ይታወሳል። አሁን አዲስ ገዢ መጥቷል። በየቡናው ላይ የሚነሳው ጥያቄ «ስንት ሰጠ?» የሚል ነው። እኛ ግን ከዋጋው በፊት ስላለው ነገር ልንነግራችሁ እንወዳለን፤ በ2016 ዓ.ም. በዚሁ ነገር አፍረናልና።

ገበያ የወጣ በሬ ሲገዛ ገዢው አፉን ከፍቶ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ወዲያ ወዲህ ያስኬደዋል። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» መባልን ማንም አይፈልግም። ድርጅት የሚገዛም እንዲሁ ነው። በተለይ የእኛ ገዢ የሚፈልገው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ድርሻችንን በሙሉ ነው። ድርሻ ሲሸጥ ደግሞ ድርጅቱ ከነመብቱ ከነዕዳው ይሄዳል። ታዲያ ሰውየው ዕዳችንን ቢፈልግ ምን ያስቀይማል?

በ2016 የመጣው ገዢ የሂሳብ አዋቂ ልኮ ሦስት ቀን አስመረመረን። ምን ተገኘ? የሊጥ ማቡኪያው ማሽን ደረሰኝ የለም። በሞት የተለዩን አባላችን ድርሻ እስካሁን በስማቸው ነው፤ ልጆቻቸው የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አላወጡም። የቤቱ ኪራይ ውል በቃል ብቻ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን የጡረታው ጉዳይ ነው። ሕጉ አሠሪው 11 ከመቶ፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ እንዲከፍል ያዛል። እኛ ከሁለት ጋጋሪዎቻችን ደመወዝ 7 ከመቶውን በየወሩ እየቆረጥን ለ14 ወር ገቢ ሳናደርግ ቆይተናል። ደመወዛቸው 4,000 ብር ስለነበረ ከእኛ ድርሻ ጋር ሲደመር 20,160 ብር ይሆናል፤ ወለድና ቅጣቱ ሳይቆጠር። ማንም አልሰረቀም፣ ገንዘቡ ለዱቄት ዋለ። ቢሆንም የሰው ጡረታ ነው፤ ጥፋቱም የእኛ የአመራሮቹ ነው።

ገዢው በዚህ ምክንያት ከዋጋው ላይ 400,000 ብር ቀነሰ። «ዕዳው 20,000 ነው፣ ምነው?» ብንለው፣ «ይህን ካልነገራችሁኝ ሌላም ያልነገራችሁኝ ይኖራል» አለን። መልስ አጣን። ሽያጩም ቀረ።

የጡረታው ገንዘብ አሁን ከነቅጣቱ ተከፍሏል። የቀረውን ሥራ እንደሚከተለው ተከፋፍለነዋል፤

1ኛ/ ሂሳብ ሹሙ የሦስት ዓመት የሂሳብ መዝገብ፣ የባንክ መግለጫና የግብር ክሊራንስ በአንድ ፋይል ያዘጋጃሉ።

2ኛ/ የመመሥረቻ ጽሑፉን፣ የንግድ ፈቃዱንና ቃለ ጉባኤዎቹን እኛ እንሰበስባለን። የጎደለ ቃለ ጉባኤ ካለ ጎደለ እንላለን እንጂ ዛሬ ጽፈን የድሮ ቀን አንሰጠውም።

3ኛ/ የሟቹ አባላችን ቤተሰብ የወራሽነት ማስረጃውን እንዲያወጡ ሁለት ሽማግሌዎች አብረዋቸው ይሄዳሉ።

4ኛ/ አከራያችን ውሉን በጽሑፍ ለማድረግ ተስማምተዋል።

5ኛ/ የዕቃው ዝርዝር ይቆጠራል። ምድጃው በስተግራ እንደማያበስል ዝርዝሩ ላይ ይጻፋል። ገዢው ራሱ ከሚደርስበት እኛ ብንነግረው ይሻላል፤ ጉድለት ቀድሞ ከተነገረ ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፣ እምነት ግን አያሳጣም።

ወረቀት ስናሳይም ጥንቃቄ አይለየን። ገዢው መጀመሪያ ምሥጢር ለመጠበቅ ይፈርማል። የሚሰጠው ቅጂ ነው፣ ዋናው ከካዝና አይወጣም። ምን እንዳየና መቼ እንዳየ በመዝገብ ይያዛል። ሰውየው ባይገዛ ነገ ከጎናችን ዳቦ ቤት ሊከፍት ይችላልና የዱቄት አቅራቢዎቻችንን ዋጋ የሚያየው በመጨረሻ ነው። እናንተም ለጥያቄው በየፊናችሁ አትመልሱለት፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ላኩት።

ለሠራተኞቻችን አንድ ቃል አለን። ሥጋታችሁን ሰምተናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የድርጅት ባለቤትነት መተላለፉ ብቻውን የሥራ ውልን አያቋርጥም። የሁላችሁም ውልና የአገልግሎት ዘመን ተጽፎ ለገዢው ይቀርባል፤ ስሙ ያልተጻፈ ካለ ዛሬውኑ ይንገረን።

በቤቱ ያለ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ፣ የድሮ ውል የያዘ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክብ። ይህ ዳቦ ቤት ብዙዎቻችን ከልጆቻችን ጉሮሮ ቀንሰን ያቆምነው ነው። ሲሸጥም አንገታችንን ቀና አድርገን እንሽጠው።



የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት