የባሕር ማቅለሽለሽና መከላከያው



ባለፈው ዓመት ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ አምስት ሆነን ከባሕር ዳር ወደ ደቅ ደሴት በሞተር ጀልባ ተሻግረን ነበር። የተነሣነው ከቀትር በኋላ ስለ ነበረ፥ ጥቂት እንደ ተጓዝን ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁ ይናወጥ ጀመር። በዕድሜም በማዕርግም የሚበልጡን አንድ ባልደረባችን ፊታቸው ገረጣ፤ ግንባራቸውንም ላብ አቸፈቸፈው። «ምን ሆኑብን?» ብንላቸው «ምንም አልሆንሁም» ብለው ከጣራው በታች ወዳለው ጠባብ ክፍል ገቡና መዝገባቸውን ገልጠው ያነቡ ጀመር። የነዳጁም ሽታ እዚያ ይብስ ነበረ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም። ከደሴቱ ስንደርስ ግን ከትውከቱ ይልቅ ያሳዘነን ቃላቸው ነው፤ «እንግዲህ አርጅቻለሁ፤ እንደ ሕፃን በሰው ፊት ተዋረድሁ» አሉ።

ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት ስለዚያ ቃል ነው። የባሕር ማቅለሽለሽ የሆድ ድካም ወይም የልብ ፍርሃት አይደለም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1805 ዓ.ም. በትራፋልጋር ጦርነት ድል ያደረገው የእንግሊዝ የባሕር ጦር አዛዥ ኔልሰን ዕድሜውን በመርከብ ላይ አሳልፎ ሳለ ነፋስ በበረታ ቁጥር ይታመም ነበር። ሊቁ ቻርልስ ዳርዊንም ከ1831 እስከ 1836 ዓ.ም. ቢግል በምትባለው የሸራ መርከብ ዓለምን ሲዞር ሕመሙ አልተወውም፤ የሚያሳርፈው በተንጠለጠለ አልጋው ላይ መጋደም ብቻ ነበረ። ሐኪም የነበሩት አባቱ የመከሩትን ዘቢብ ብቻ ሆዱ እንደሚቀበልለትም ጽፎላቸዋል።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው? በውስጠኛው ጆሯችን የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ፥ ፈሳሽ የተመላ ረቂቅ ብልት አለ። ጀልባው ከፍ ዝቅ ሲል ይህ ብልት «እየተንቀሳቀስን ነው» ብሎ ለአንጎል ያስታውቃል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግድግዳና ወረቀት የሚያይ ዓይን ደግሞ «ቆመናል» ይላል። አንጎልም የማይስማሙ ሁለት ምስክሮች እንደ ቀረቡለት ዳኛ ግራ ይጋባል፤ ሁከቱም ወደ ሆድ ይወርዳል። ይህ የጆሮ ብልት ፈጽሞ የማይሠራላቸው ሰዎች ማዕበሉ ምንም ቢበረታ አያቅለሸልሻቸውም፤ ዓይነ ስውራንን ግን ያቅለሸልሻቸዋል።

እንግዲህ ባልደረባችን ያደረጉት ሁሉ የተገላቢጦሽ ነበረ። ማዛጋት፥ የምራቅ መብዛትና ቀዝቃዛ ላብ ሲጀምር መጽሐፍን ዘግቶ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፥ እንቅስቃሴው አነስተኛ በሆነበት በጀልባው ወገብ ላይ መቀመጥ፥ ዓይንንም በሩቅ አድማስ ላይ መትከል ይገባል። መኪና የሚነዳ ሰው እንደ ተሳፋሪው አይታመምም፤ በሸራ ጀልባ የሚሄድም ባለቤቱ ቢፈቅድለት መሪውን ይያዝ። በባዶ ሆድ መሳፈር ይሻላል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ተሳስተዋል። ደረቅ ዳቦ የመሰለ ቀላል ምግብ ቀምሶ መነሣት፥ ከስብና ከመጠጥ መራቅ፥ ውኃንም ጥቂት በጥቂት መጎንጨት ይበጃል።

የመድኃኒቱ ታሪክ ደስ ያሰኛል። በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ አንዲት ሴት ሰውነቷን ስላሳከካት ከሐኪሞች አዲስ መድኃኒት ተቀበለች። በከተማ ባቡር በተሳፈረች ቁጥር ያቅለሸልሻት ስለ ነበረ፥ መድኃኒቱን ከወሰደች ወዲህ ይህ ሕመም መጥፋቱን ነገረቻቸው። ጌይና ካርላይነር የተባሉት ሐኪሞች ነገሩን በቸልታ አላለፉትም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከኒው ዮርክ ወደ ጀርመን በሄደችው ጄኔራል ባሉ በተባለች መርከብ ላይ በነበሩ ከ1,300 በላይ ወታደሮች መካከል ፈተኑት፤ ተሳካም። ይህ መድኃኒት ድራማሚን በሚል ስም የታወቀው ነው። ከመሳፈር ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ይወሰዳል፤ ትውከት ከጀመረ በኋላ የሚዋጥ ኪኒን ግን ተመልሶ ይወጣል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ መሪ ለሚይዝ ሰው አይሆንም። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ ከአራት ሰዓት በፊት ተደርጎ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል፤ አፍ ያደርቃል፥ ዓይንንም ያደበዝዛል፤ ግላኮማ ወይም የሽንት መታገድ ያለበት ሰው፥ እርጉዝ ሴትም ሐኪም ሳይጠይቁ አይንኩት። የለጠፈ ሰው ዓይኑን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ።

ከማዕድ ቤታችንም ዝንጅብል አለ። በ1988 ዓ.ም. በዴንማርክ የባሕር ኃይል ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ አንድ ግራም የዝንጅብል ዱቄት ትውከትን ቀንሷል። እኔ ግን በረዳትነት እንጂ በዋና መድኃኒትነት አልቆጥረውም።

ከሁሉ የሚከፋው መደበቅ ነው። ሰው እንዳያየው ብቻውን ሄዶ ከጀልባው ጠርዝ ላይ የሚያጎነብስ ሰው ሞገድ ሲመታው ሊወድቅ ይችላል፤ ደጋግሞ ያስታወከም ውኃው ከሰውነቱ አልቆ ይዝላል። ስለዚህ «አሞኛል፥ ያዙኝ» ማለት ይገባል።

ይህንኑ ለባልደረባችን በደሴቱ ላይ ሌሊቱን አወጋናቸው። በማግሥቱ ስንመለስ ነፋሱ እንደ ትናንቱ ነበረ። እርሳቸው ግን በጀልባው ወገብ ተቀምጠው፥ ዝንጅብል እያኘኩ፥ የሩቁን ተራራ ሲመለከቱ ዋሉ፤ አንድ ጊዜም «ያዙኝ» ብለው ያዝናቸው፥ አለፈላቸውም። ባሕር ዳር ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከጀልባው ወርደው መሬት እንደ ረገጡ የጠየቁን፥ ጥሩ ዓሣ የሚገኘው የት ቤት እንደ ሆነ ነው።