የአእምሮ ጤና ነርስ ሥራና በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወጣቶቻችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)




 እንደምታውቁት ስብሰባችን ብዙ ጊዜ የሚያልቀው በውኃና በቆሻሻ ጉዳይ ነው። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናት ተነሥተው «ቤቴን ከተከራዩት የፓርክ ሠራተኞች አንዷ ጤና አጥታለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን ታወራለች፤ ላስወጣት ወይስ ላስታምማት? የማንንስ በር ልምታ?» ብለው መጠየቃቸው ይታወሳል። ከኋላ አንዱ «ፖሊስ ጥሪ» አለ፤ ሌላው «ጠበል ውሰጃት» አለ፤ አንዱ ደግሞ «ያገሯን ልጆች ፈልጊና አስረክቢ» አለ። «ነርስ ጥሪ» ያለ ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ ኮሚቴው ጉዳዩን አጣርቼ እንዳቀርብ ስለወሰነ፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከሆስፒታልና ቤት ለቤት ከምትዞረው ነርሳችን ጠይቄ የተረዳሁትን እነግራችኋለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ያልገባኝን እየደጋገምኩ ጠይቄ ነው የመጣሁት።

ድሬዳዋ ለሠራተኛ እንግዳ አይደለችም። ከተማችን ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ከዚያም ሲሚንቶ መጣ፣ ኮተኒ መጣ። ነገር ግን የባቡሩና የኮተኒ ሠራተኛ አብዛኛው እዚሁ ወልዶ የከበደ፣ ጎረቤት ያለው፣ ሲታመም እድሩ ወይም አፎሻው የሚጠይቀው ሰው ነበር። ዛሬ በመልካ ጀብዱ በኩል ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወደተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠና በሰርቪስ የሚጓዙት ልጆች ግን፣ ከእኛ ቤት የተከራዩትን ብቻ ብንቆጥር፣ ብዙዎቹ ሃያ ዓመት ያለፋቸው ትናንት ነው። ከገጠር የመጡ ናቸው፤ አንዱን ክፍል ለአራት ለአምስት ይከራዩታል። እድር የላቸውም። እናት ዘንድ የሚላክ ገንዘብ ግን አለባቸው። በዚያ ላይ ፈረቃ አለ። ሌሊት ሲሠራ አድሮ የመጣ ልጅ ቀን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በዚህ ሙቀት እንዴት አድርጎ ይተኛል? እኛ ራሳችን በሌሊት እንኳ አልጋችንን ወደ ግቢ የምናወጣ ሰዎች ነን እኮ!

የአእምሮ ሕመም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ልብሱን ጥሎ በከዚራ ጎዳና የሚሄደውን ሰው ነው። ያ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጊዜው ሳይታከም የቀረ ሰው ነው። አብዛኛው የአእምሮ ሕመም የሚጀምረው 25 ዓመት ሳይሞላ እንደሆነ ነርሷ አስረድታኛለች፤ ይኸውም ልክ እነዚህ ልጆች ባሉበት ዕድሜ ማለት ነው። ሲጀምር ደግሞ ጮሆ አይጀምርም። እንቅልፍ ይጠፋል። ትጫወት የነበረች ልጅ ዝም ትላለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። «ልቤን ይመታኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል» እያለች ክሊኒክ ትመላለሳለች፤ ደም ቢመረመር ምንም አይገኝም። ወይም ደግሞ ጓደኞቿን ትጠረጥራለች፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች። አንድ ቀን መከፋት ሕመም አይደለም፤ ሁላችንም እንከፋለን። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይና ከሥራ፣ ከምግብ፣ ከሰው ሲለይ ነው ነርስ የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ነርሷ ልምጣ። ለረጅም ዘመን በአገራችን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር። ከድሬዳዋ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሕመምተኛን ያን ያህል መንገድ ይዞ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር በመተባበር፣ ሥራ የለመዱ ነርሶችን በአማኑኤል አንድ ዓመት በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። እነዚህ ነርሶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ፤ ክፍል ከፈቱ፤ መረመሩ፤ መድኃኒት ሰጡ። የአእምሮ ሐኪም በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት በክፍለ ሀገር ሸክሙን የተሸከሙት ነርሶች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። «ነርስ ምን ታውቃለች፣ ዶክተር ነው የምፈልገው» ለሚሉ ሰዎች ይህን ንገሯቸው። የእኛው ድል ጮራ ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሰው ግን አያውቀውም፣ ቢያውቅም በዚያ በር ሲገባ መታየት ያፍራል።

በሆስፒታሎቻችን «ላይዘን» የሚባል ቢሮም አለ። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎለት የመጣውን ሰው ይቀበላል፣ አልጋ ይፈልጋል፣ ሲወጣም ወደ መጣበት ይመልሳል። አገናኝ ማለት ነው። እንግዲህ የአእምሮ ጤና አገናኝ ነርስ የምንላት ይህንኑ ሥራ ከሆስፒታሉ ግቢ አውጥታ እስከ ቤታችንና እስከ ፋብሪካው በር የምታደርስ ሴት ወይም ወንድ ናት። እኛ ሰፈር ለዚህ ቅርብ የሆነችው ሻንጣዋን ይዛ ቤት ለቤት የምትዞረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ስትመጣ ስለ ክትባትና ስለ ሽንት ቤት ብቻ የምትጠይቅ ይመስላችኋል። ነርስ ናት እኮ! ስለዚህም ጉዳይ ብንጠይቃት ትመልሳለች።

የሥራውን ዓይነት በቃል ከማብራራት ያቺ እናት ፈቅደው እንድናገር ባሉኝ ነገር ላስረዳችሁ። የልጅቱን ስም፣ አገርም ሆነ ፋብሪካ አልጠራም፤ እናንተም አታጠያይቁ። ነርሷ በመጣች ጊዜ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ምንም አልነበረም፤ ተቀመጠች። በረንዳ ላይ ቡና ጠጣች። ልጅቱ መጀመሪያ አልወጣችም፤ በሁለተኛው ቀን ወጣች። ስለ ድምፁ አልጠየቀቻትም፤ ስለ እንቅልፏ ጠየቀቻት። ስንት ሌሊት ሆነሽ? ምን ትበያለሽ? ገንዘብ ለማን ትልኪያለሽ? ልጅቱ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ቀጥሎ ነርሷ ስለ ሞት ጠየቀቻት፤ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላ በግልጽ። እናትዮዋ ደነገጡ፤ እኔም ስሰማ ደነገጥኩ፤ እንዲህ ያለውን ነገር መጠየቅ ማሳሰብ መስሎኝ ነበርና። ነርሷ ግን መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፣ ይልቁን ብቻውን የተሸከመውን ሰው ያሳርፈዋል አለችን። «አዎ» ካለ ደግሞ ለደቂቃ ብቻውን አይተውም፤ ገመድ፣ መርዝ፣ የተጠራቀመ መድኃኒት ከአጠገቡ ይነሣል፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። ይህን ሁላችሁም ያዙልኝ።

ከዚያ የማገናኘቱ ሥራ ተጀመረ። ልጅቱ ስትፈቅድ ለወንድሟ ተደወለ። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ ነርሷ አብራ ሄደች፤ ሪፈሩን ራሷ ይዛ ሆስፒታል አደረሰቻት። መድኃኒት ታዘዘ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን በሰዓት ውስጥ አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ «አልረዳኝም» ብሎ ይጣላል። ሲረዳ ደግሞ «ድኛለሁ» ተብሎ ይጣላል፤ ሕመሙ ይመለሳል። ነርሷ በየሳምንቱ እየመጣች ክኒኑን ቆጥራ፣ እንቅልፍ ስላበዛባት ይህንኑ ለሆስፒታሉ ነግራ መጠኑ እንዲስተካከል አደረገች። ልጅቱ አሁን ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ሙሉ በሙሉ ድናለች አልልም፤ አንዳንድ ቀን ፊቷ ይጠቁራል። ከሌሊት ፈረቃ እንድትወጣ ነርሷ ያቀረበችው ጥያቄም ገና መልስ አላገኘም። ግን ኪራይዋን ትከፍላለች፣ ከእናትዮዋ ጋር ቡና ትጠጣለች።

ሃይማኖትን በተመለከተ ጭቅጭቅ እንዳይነሣ አስቀድሜ ልናገር። ነርሷ ጠበል አትሂዱ፣ ዱዓ አታስደርጉ አላለችም። ያለችው ጠበሉም ይሁን ዱዓው ይኑር፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ፣ ሰውም በሰንሰለት አይታሰር ነው። ከጠበልተኞችም ከሼኾችም ጋር መነጋገር ሥራዋ መሆኑን ነግራናለች። የሰፈራችን ሽማግሌዎች በዚህ ቢያግዟት መልካም ነው።

ጫት ደግሞ አለ። በድሬዳዋ ስለ ጫት መናገር በባሕር ዳርቻ ስለ ዓሣ እንደ መናገር ነው፣ ማንም አይሰማም። ቢሆንም በሌሊት ፈረቃ እንዳይተኛ የሚቅም ልጅ፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ የሚጠጣ ልጅ፣ እንቅልፉ ከሁለቱም ወገን ተቆርጧል። ሕመሙ የጀመረው ሰው ላይ ጫት መጠርጠሩንና ድምፅ መስማቱን ያብሰዋል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቢቅም መድኃኒቱ በሚገባ አይረዳውም። በርጫ ላይ ለታመመ ልጅ «ያዝ» እያላችሁ የምትዘረጉ ጓደኞች፣ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

ስለሚጥል በሽታም ጠይቄያለሁ፤ እርሱንም በብዛት የሚያክሙት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ናቸውና። ሲጥለው ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳም። አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተትም ጥርስ ይሰብራል። በጎን አስተኝቶ፣ ከራሱ ሥር ልብስ አድርጎ፣ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት። በሽታው በትንፋሽም በአረፋም አይተላለፍም። ማሽን ላይ የሚሠራ ልጅ ግን ሕመሙን ደብቆ ቢጥለው እጁን ሊያጣ ይችላልና፣ ነርሷ በፈቃዱ ሥራው እንዲለወጥለት ታነጋግርለታለች።

ልጆቹ የሚደብቁት ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ከሥራ እንባረራለን ብለው ነው። ስለዚህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተቀምጬ አየሁት። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ቢታመም በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወሮች ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ያለ ደመወዝ ነው። አዋጁ የሆድ ሕመምና የአእምሮ ሕመም ብሎ አልለየም። ግን በቀረ ማግሥት ለአሠሪው ማስታወቅ፣ መንግሥት ከሚያውቀው የጤና ድርጅትም ማስረጃ ማምጣት አለበት። ታዲያ ድምፅ የሚሰማ፣ ሰው የሚፈራ ልጅ በማግሥቱ ሄዶ እንዴት ያስታውቃል? አያስታውቅም። ስሙ «የጠፋ» ተብሎ ይጻፋል። አገናኝ ነርስ የሚያስፈልገን ከሁሉ በላይ እዚህች ቀን ላይ ነው። ወረቀቱን በጊዜው ታደርሳለች፤ የሕመሙን ስም ግን ያለ ልጁ ፈቃድ ለአለቃም፣ ለአከራይም፣ ለጸሐፊም አትናገርም። እኔም ጠይቄ ከልክላኛለች።

ከዚህ በመነሣት ኮሚቴው የሚከተለውን ለውሳኔ አቅርቧል። አከራዮች የታመመን ተከራይ ነርሷ ሳታየውና ቤተሰቡ ሳይጠራ በሌሊትም በቀንም ዕቃውን እንዳያወጡ እንስማማ። ኪራይ ይቅር አላልኩም፤ ቤት የሚያከራዩ መበለቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ኪራዩ ሲዘገይ ከወንድም ከእህት ጋር የሚነጋገር ሰው ማኅበሩ ይመድባል። እድሮቹና አፎሻዎቹ ደግሞ አባል ላልሆነ ልጅ ቢያንስ የባጃጅና የካርድ ገንዘብ የሚሆን ትንሽ ሣጥን ቢይዙ ብለናል። ለሬሳ የምናዋጣ ሰዎች ለባጃጅ አናንስም። ሦስተኛው ደብዳቤ ነው፤ ለፓርኩ አስተዳደርና ለከተማው ጤና ቢሮ የሚላክ። በሳምንት በታወቀ ቀን አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ ሠራተኛው በሚወጣበት አካባቢ እንድትቀመጥ ይጠይቃል። የምትቀመጥበት ክፍል በር ላይ «የአእምሮ ሕሙማን» ተብሎ እንዳይጻፍም ጠይቀናል፤ ያ ከተጻፈ ማንም አይገባምና።

የደብዳቤው ረቂቅ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፏል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ስለተጻፈ በሚገባችሁ አንብባችሁ፣ የሚቀነስ የሚጨመር ካለ እስከ ዓርብ ድረስ ለእኔ ወይም ለሒሳብ ሹሟ ንገሩን። ፊርማ የሚሰበሰበው ቅዳሜ ከዐሥር ሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ነው። ተከራዮችም መፈረም ይችላሉ፤ የሌሊት ፈረቃ ያላቸው ልጆች እንዳይቀሩ መዝገቡ እሑድ ጠዋትም ክፍት ይሆናል።