ስመ እስራኤል



ብዙዎች አሕዛብ የትውልዳቸውን ነገር ሲናገሩ ከነገሥታትና ከኃያላን ይጀምራሉ። የእስራኤል ነገር ግን ርስት ከሌለው እንግዳ ይጀምራል። አብርሃም ከካራን ወጥቶ በከነዓን መጻተኛ ሆነ፤ ምድሪቱ በተስፋ ተሰጥታው ሳለ፥ ሣራ ባረፈች ጊዜ የመቃብር ስፍራ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ። ያዕቆብም ወንድሙን እየፈራ ሲመለስ በያቦቅ ማሻገሪያ ሌሊቱን ሲታገል አደረ፤ እስራኤል ተብሎ ሲነጋለት ያነክስ ነበር። ልጆቹም ወንድማቸውን ሸጡ። ኦሪት ይህን ሁሉ አልሸሸገችም።

የግብፅ ንጉሥ መርኔፕታሕ ከልደተ ክርስቶስ 1200 ዓመት ያህል አስቀድሞ እስራኤልን አጠፋሁ ብሎ በድንጋይ አስቀረጸ። ድንጋዩንም እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓመት በቴቤስ አገኘው። ከመጻሕፍት ውጭ ስመ እስራኤልን በማንሣት በርግጥ ከታወቁት ጽሑፎች ቀዳሚው ይኸው ነው። ጠፋ ብሎ የተመካው ቃል ለመኖሩ ምስክር ሆነ።

ስለምን ይህ ሕዝብ ውርደቱን ጽፎ አቈየ? እንግዳውን እንዳይገፋ ነው። ሕጉ መጻተኛን አታስጨንቅ ሲል ምክንያቱን ከግብፅ ስደት ያመጣል፤ የእህሉን በኵራት በእንቅብ ይዞ የሚመጣውም ሰው በመሠዊያው ፊት የአባቱን መንከራተት እንዲናገር ታዝዟል።

እንግዲህ እኛም በዚህ ኢዮቤልዩ የደብራችንን ክብር ብቻ አንቍጠር። ኢዮቤልዩ በኦሪት ባሪያ አርነት የሚወጣበት፥ ድኃም ወደ ርስቱ የሚመለስበት 50ኛው ዓመት ነውና፥ በደጀ ሰላሙ የቆመውን እንግዳ አስቀድመን እናስገባው።