የአርሶ አደሩን ኑሮ የሚያጠናው በጀት አይነካ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር ዛሬ ብዙ ተነግሯል። እኔ የተሰጠኝን አጭር ጊዜ ብዙዎቻችን “የወረቀት ሥራ” ለምንለው ነገር፣ ማለትም ስለ አርሶ አደሩ ኑሮ፣ ስለ መሬት ይዞታውና ስለ ቤተሰቡ ለሚደረገው ጥናት ላውለው እፈልጋለሁ።

እንደምታውቁት የደጋው መሬታችን አሲዳማ ሆኗል። በአገር ደረጃም ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። መድኃኒቱ ኖራ መሆኑን የአፈር ባለሙያዎች ከነገሩን ቆይቷል። እኔ በምሠራበት ቀበሌ ኖራ መጥቶ መንገድ ዳር ተራገፈ። ጥቂት ሰዎች ወሰዱ፣ የቀረውን ዝናብ መታው። በሪፖርቴ ላይ “ያልተከናወነበት ምክንያት” በሚለው ሣጥን ውስጥ “የግንዛቤ እጥረት” ብዬ ጻፍኩ። እኛ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይህችን ቃል እንወዳታለን፤ የማትሞላው ሣጥን የለም።

በኋላ ባላቸው የሞቱባቸውን አንዲት እናት ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። “ልጄ፣ መሬቱ የእኔ፣ በሬው የእሱ፤ ኖራው የማን ሊሆን ነው?” አሉኝ። መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተዋል። አራሹ ለከርሞ እዚያው ማሳ ላይ ይኑር አይኑር አያውቅም። የኖራ ጥቅም ደግሞ ለተከታታይ ዓመታት የሚዘልቅ ነው። ለአንድ ሄክታር ሃያ ኩንታልና ከዚያ በላይ የሚፈልግን ነገር በአህያ ገደል አሻግሮ ለሰው መሬት የሚያለብስ ማን ነው? ይህ የግንዛቤ እጥረት አይደለም፤ ሴትዮዋ ከእኔ የተሻለ ገብቷቸዋል። ይሁን እንጂ ይህ የአንድ ሰው ቃል ነው። በስንት ቤት እንዲህ ነው? በምን ዓይነት ውል ቢሆን ኖራው ለባለመሬቷም ለአራሹም ያዋጣል? አፈሩን የመረመረው ላቦራቶሪ ይህን አይመልስም። ከቤት ወደ ቤት ሄዶ የሚያጠና ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ ነዳጅና አበል ይፈልጋል።

ደጋ ዳሞት ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በ1950ዎቹ ዓመታት አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እዚሁ ወረዳ ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ከዋናው አባት ትውልድ በመቁጠር የሚጠየቅ መብት እንደነበረ በዝርዝር ጽፏል። መጽሐፉ የታተመው በ1973 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ።

መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ግን የሆነውን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በ1960 ዓ.ም. በፓርላማ የጸደቀ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የመንግሥት ሰዎች የገቢ ግብር ነው አሉ፤ የጎጃም ገበሬ ግን በመሬት ልኬታ ጀምሮ ርስቱን የሚነጥቅ ነገር አድርጎ አየው። ዳሞትና ሞጣ ተነሡ። ጦር ተላከ፣ ከአውሮፕላን ቦምብ ተጣለ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። ጥናት ብቻውን ያን ደም ያስቀር ነበር ብዬ አልከራከርም፤ የአስተዳደሩ በደል ሌላ ነው። ሆኖም ሕጉን ያጸደቁት ሰዎች ገበሬው ምን እንደሚፈራ አስቀድመው ቢጠይቁ ኖሮ ቢያንስ የሚነኩትን ነገር ያውቁት ነበር።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ብዙው የቤተሰብ ጥናት ሲካሄድ የኖረው በውጭ እርዳታ ነው። ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የተደረገውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲደግፍ የነበረው ዩኤስኤይድ በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። የሕዝብና ቤት ቆጠራም በየአሥር ዓመቱ እንዲደረግ ሕገ መንግሥቱ ያዝዛል፤ የመጨረሻው የተደረገው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ። በ2011 ዓ.ም. እንዲራዘም ተወስኖ እስካሁን አልተካሄደም። እኛም በቀበሌ ደረጃ የምናቅደው በግምት ነው።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላትን የምለምነው ይህን ነው። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የማይታየው ሥራ ነው፤ መንገድና ቦይ ይመረቃል፣ ጥናት ሪባን አይቆረጥለትም። እንደ አዴት ያሉ የምርምር ማዕከላት ዝርያ ብቻ ሳይሆን የአርሶ አደሩን ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታም ያጠናሉ። በጀቱ ለማጽደቅ ሲቀርብላችሁ ለዚህ ሥራ የተያዘውን ገንዘብ ፈልጉት፤ ከተቀነሰም ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የቆጠራውንም ነገር አንሡ። አመራሮቻችንም ይህን ጥያቄ የዩኒየኑ ጥያቄ አድርገው በጽሑፍ ያቅርቡልን።

አጥኚዎች ሲመጡ እኛ አርሶ አደሩን ሰብስበን፣ ጓሮ ለጓሮ መርተን እናግዛለን። ውጤቱን ግን በአማርኛ ጽፋችሁ እዚሁ ፈረስ ቤት ድረስ መልሱልን።