ደብተራችሁን አትቅደዱ
(በደሴ ከተማ፣ በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የምረቃና የሽኝት በዓል ላይ በተጋባዥ እንግዳ የቀረበ ንግግር)



ርዕሰ መምህሩ ሲጋብዙኝ «ጦሳ ተራራ ላይ ደመና ከታየ ንግግሩን ያሳጥሩት» ብለውኛል። ደመናው እንደምታዩት ደርሷል። ስለዚህ «የነገ አገር ተረካቢዎች» የሚለውን ክፍል ዘልዬዋለሁ፤ በየሰልፉ ሰምታችሁ ጠግባችሁታል። እኔም እዚሁ ግቢ ተማሪ ሳለሁ ጠግቤው ነበር።

መድኃኒት ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ብዙም ስለማይርቅ ከብዙዎቻችሁ ጋር እንተዋወቃለን። የራስ ምታት ክኒን ፍለጋ የምትመጡበት ወቅት ሁልጊዜ የሞዴል ፈተና ሰሞን ነው። ሰሞኑን ስትመጡ ደግሞ እያስቀመጥሁ «ከአራቱ ዓመት የማትረሱት ምንድን ነው?» እያልሁ ስጠይቃችሁ ከረምሁ። የሰሜኑን ጦርነት የሚያነሳ ይበዛል ብዬ ነበር። አብዛኞቻችሁ ያነሳችሁልኝ ግን ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ ስልክ ነው።

ወደ ስልኩ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን ወላጆችን አንድ ነገር ላስታውስ፤ እነዚህ ልጆች ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ አንዱንም ዓመት እንደ ወጉ አልተማሩም።

ሰባተኛ ክፍል ሳሉ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። ስምንተኛን እንደ ነገሩ ጨርሰው ክረምቱ ሲገባ ከቆቦና ከወልዲያ የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴን ሞላት። ትምህርት ቤቶቻችን መጠለያ ሆኑ፤ ዴስኩ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ፍራሽ ተነጠፈ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ራሱ ደሴ ገባ። ገሚሳችሁ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ወጣችሁ፤ አቅመ ደካማ አያት ያለው ቤተሰብ እዚሁ ቀረ። ኅዳር 27 ቀን ከተማዋ በመንግሥት እጅ ተመልሳ ስንገባ ምን እንዳገኘን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ አብረን አይተነዋል። ዘጠነኛ ክፍል የጀመራችሁት በዚያ ላይ ነው።

አንዷ ልጅ እየሳቀች የነገረችኝን ልንገራችሁ። «ክፍላችን መስኮት አልነበረውም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ክፍል ድረስ ይገባል። የኋላ ተቀማጮች ሰሌዳው ስለማይታየን እየተነሳን ከፊት ወለሉ ላይ ፌስታል አንጥፈን እንቀመጥ ነበር። መምህሩ ‹ጉሙ እስኪገለጥ በቃል እንማር› ይሉና ሒሳብ በቃል ያስተምሩናል።» ሒሳብ በቃል! እኚህ መምህር ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ ልጆቹ ግን ወዴት እየዞሩ እንደሚያጨበጭቡ እናንተም ታያላችሁ።

አሁን ወደ ስልኩ። ዘጠነኛን የተማራችሁት በነባሩ ሥርዓተ ትምህርት ነበር፤ አሥረኛ ስትደርሱ አዲሱ መጣ። ሥርዓተ ትምህርቱ ቀድሞ ደረሰ፣ መጽሐፉ መንገድ ላይ ቀረ። «በሶፍት ኮፒ አውርዱት» ተባለ። አሥራ አንደኛ ስትገቡ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍልም እንደተቋረጠ ቆየ። ስለዚህ የኬሚስትሪው መጽሐፍ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ተጭኖ፣ በሚኒባስ ሹፌር ኪስ ደሴ ገባ። ከፍላሹ ወደ አንዱ ስልክ፣ ከዚያም በዜንደር ወደ ሌላው እየተላለፈ ከክፍል ክፍል ዞረ። ስልክ የሌለው ግን ይበዛ ነበር። እናም ከትምህርት በኋላ አምስት ስድስት ሆናችሁ በዚያች በተሰነጠቀች ስልክ ዙሪያ ትሰበሰባላችሁ፤ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ይገለብጣል። ስንጥቁ የቀመሩን ቁጥር ሲሸፍነው ገጹን ወደ ጎን እየገፉ ማንበብ ነው። ባትሪው ካለቀ ለነገ ያድራል።

ከእነዚያ ደብተሮች አንዱን አይቼዋለሁ። ባለ 100 ገጽ ደብተር ሁለቱ በስፌት ተያይዘው አንድ መጽሐፍ ሆነዋል። ሥዕላዊ መግለጫው በእስክሪብቶ ተስሏል፤ ሠንጠረዡ በማስመሪያ ተሰምሯል፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉት ጥያቄዎች ሳይቀሩ አሉ። ከሥራቸው ደግሞ መጽሐፉ ላይ የሌለ መልስ፣ በሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ፣ አንዱ የሌላውን እየሰረዘና እያረመ ተጽፏል። በሙያዬ ኬሚስትሪ እንጀራዬ ነውና ከመልሶቹ አንዳንዶቹን አየሁ። ትክክል ናቸው። አንዱ ላይ «ይህን መምህር ጠይቁ» የሚል አለ፤ ከጎኑ በሌላ ቀለም «ጠይቀናል፣ እኛ ነን ልክ» ይላል።

ወላጆች፣ ልጆቻችሁ በሚቀጥሉት ሳምንታት አንሶላና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው፣ ስልካቸውን ቤት ትተው፣ ለብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገባሉ። ፈተናው ወደዚያ መዛወሩን ከሚደግፉት አንዷ ነኝ። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው በሙሉ ሲቋረጥ የደነገጥነውን አስታውሳለሁ። ድሮ በእጅጌ ትገባ የነበረችው አጤሬራ ቀርታ መልሱ በቴሌግራም መዞር ሲጀምር፣ ሌሊቱን ሲቸክል ያደረውና በጊዜ የተኛው እኩል ውጤት ይዘው ይመጡ ነበር። ያ መቆሙ መልካም ነው።

ግን ቁጥሩን በትክክል እናንብበው። በ2014 ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ። በ2016 5.4 በመቶ። በ2015ም በ2016ም ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እነዚያ ሁሉ ግቢዎች ውስጥ አንድ ጎበዝ ልጅ ጠፍቶ ነው ብሎ የሚያምን ካለ እጁን ያውጣ። የጠፋው መጽሐፉ ነው፣ መምህሩ ነው፣ ቤተ ሙከራው ነው፣ ዓመቱ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ ማሟላት የነበረብን እኛ አዋቂዎቹ ነን፤ የሚፈተነው ግን ልጁ ብቻ ነው። በክልላችን ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ናቸው፤ እነሱ መቼ ተፈትነው ይወድቃሉ? ለመውደቅ እንኳ አልበቁም።

ስለዚህ ተመራቂዎች፣ ውጤት ሲመጣ ሰቃይ የሚባሉት ይደሰቱ፣ ይገባቸዋል። ያልሞላለት ደግሞ የሪሜዲያል ዕድል ቢደርሰው በእልህ ይያዘው፤ ከ2015 ጀምሮ በዚያ በር ገብተው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ አሉ። ቴክኒክና ሙያ የገባ ሰው እንደ ወደቀ መቆጠሩም ይብቃ። የመድኃኒት ማቀዝቀዣዬ የተበላሸ ጊዜ ሱቄን ያዳነልኝ ዲግሪ ያለው ሰው አልነበረም። ብቻ ማንም ቢሆን ከውጤት ወረቀቱ ተነስቶ «አራት ዓመት በከንቱ» እንዳይላችሁ። ጉም ውስጥ ሒሳብ የተማረና መጽሐፍ በእጁ የገለበጠ ልጅ ዓመቱ ከንቱ አይደለም። እናንተም ብትሆኑ ስለ ራሳችሁ እንዲህ ስትሉ እንዳልሰማ።

ለወላጆች አንድ ከበድ ያለ ነገር አለኝ፤ በበዓል ቀን በማንሳቴ አትቆጡኝ። የወሎ ሰው ነን፣ እንተዋወቃለን። ውጤት በወጣ ሰሞን የጎረቤት ልጅ ስንት እንዳመጣ እያነሱ መተከዝ ይጀመራል፤ ደላላውም ያንን ትካዜ አሽትቶ ይመጣል። በአፋር በረሃ፣ በኦቦክ፣ በቀይ ባሕርና በየመን አድርጎ ሳዑዲ የሚወስደው መንገድ ከዚህ አገር ስንት ልጅ እንደበላ ለደሴ ሰው አይነገርም። ገንዘብ ለመላክ የቸኮለ ልጅ ልቡ ቅን ነው። እሺ የሚለው ወላጅ ግን ልጁ የሚሄድበትን መንገድ ያውቀዋል። ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ ያን ማታ ልጃችሁን አብሽር በሉት፣ እራቱን አብራችሁ ብሉ። ስለ ገንዘብና ስለ ወደፊቱ ከሳምንት በኋላ ይወራል።

መምህራን፣ ስለ እናንተ ብዙ ማለት ይገባኝ ነበር። ደመወዛችሁን ከገበያው ጋር ሳስተያየው ግን ምስጋና ብቻ ማቅረቡ ያሳፍረኛል። የሚመለከታቸው እንግዶች ፊት ወንበር ላይ ስላሉ ይህን ይስሙልን።

ዝናቡ ጀመረ። አንድ ነገር ለምኜ እወርዳለሁ።

የመጨረሻው ፈተና ባለቀ ቀን ልማዱን አውቀዋለሁ፤ እኛም አድርገነዋል። ደብተር ይቀደዳል፣ በአየር ይበተናል፣ ሸሚዝ በቀለም ይዥጎረጎራል። ሸሚዙን እንደ ፈለጋችሁ አድርጉት፤ እናቶች ይቅር ይበሉኝ። ደብተሩን ግን አትቅደዱ። በቀጣዩ መስከረም እነዚህን ወንበሮች ከሚይዙት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች መካከል ስንቱ መጽሐፍ እንደሚደርሰው ማናችንም አናውቅም። እናንተ በአራት ዓመት የገለበጣችሁት፣ የጠየቃችሁት፣ የሠራችሁትና ያረማችሁት ለእነሱ ተዘጋጅቶ ያለቀ መጽሐፍ ነው። የኬሚስትሪውንም፣ የፊዚክሱንም፣ የታሪኩንም አምጡት። የሚያሳፍር የእጅ ጽሑፍ ያለውም ያምጣ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አንድ መደርደሪያ ባዶ አድርገው እንደሚጠብቁ ቃል ገብተውልኛል፤ የሚጠረዝበትን ወጪ እኔ እችላለሁ። ስማችሁንና የክፍላችሁን ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉ፤ የገባው ሰው አመስግኖ እንዲጠራችሁ፣ ያልገባው ደግሞ ፈልጎ እንዲጠይቃችሁ።

ከፈተና እንደ ተመለሳችሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው። እንጠብቃችኋለን።